የእትዬ እንቁ ኮምፒዩተር ፀሐይ ሲሞቅ

(ፍኖተ ሰላም፣ የእትዬ እንቁ ሳሎን። ጠረጴዛ ላይ ካሜራ የተገጠመለት አሮጌ ኮምፒዩተር አለ። ፊቱ የተቀመጠው ስመኘው ኮምፒዩተር የተማረ የሰፈር ልጅ ነው። ከጓዳ የልጃቸው የሰብለ ሳቅ ይሰማል።)

እንቁ፦ አቧራ እንዳይገባበት ነው ያለበስሁት አልሁህ!

ስመኘው፦ እትዬ፣ ኮምፒዩተር ጋቢ አይለብስም! ታፍኖ ነው ኔትወርኩ የጠፋው።

እንቁ፦ ኔትወርክ ይተነፍሳል እንዴ?

ስመኘው፦ ሳይንሱን ለእኔ ይተዉት። ይኸው ይዩ፣ ግንኙነቶቹ የሚታዩበት ቦታ ባዶ ነው። የጥር ሰማይ! አንዲት ደመና የለበትም። ዊንዶውሱን እንደገና መጫን አለብኝ።

እንቁ፦ ከጠዋት ጀምሮ እየጫንኸው አይደል? በል ፍጠን፤ ሰብለ ከቀትር በፊት ይድረስልኝ ብላለች። «ከስመኘው በቀር ማንንም እንዳትጠሪ» ያለችም እሷው ናት።

ስመኘው፦ (ለራሱ) እሷ! እኔ እሑድ ሽማግሌ ልልክ ስል እሷ ቀደመችኝ! (ጮክ ብሎ) ምን እየሠራች ነው?

እንቁ፦ ሹሩባ እየተሠራች ነው።

ስመኘው፦ (ለራሱ) ለእኔ! ይህ ማሽን ካልተነሳ ግን እናትየው «ገመድ ማገናኘት ያቃተው ልጄን ሊያገባ?» ማለታቸው አይቀርም።

እንቁ፦ አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ወንድ የለውም። አንተን እንደ ቤት ሰው ነው የማይህ።

ስመኘው፦ እኔም እንደዚያው ነኝ፣ እትዬ!

እንቁ፦ ይኼ ከኋላ የተንጠለጠለው ገመድስ?

ስመኘው፦ ገመድ የጀማሪ ጥያቄ ነው።

እንቁ፦ መግቢያው የለም ብዬ ነው።

ስመኘው፦ (ወደ ኋላ ያጎነብሳል) እትዬ... እዚህ የነበረችው የኔትወርክ ካርድ የት ሄደች?

እንቁ፦ አረንጓዴዋ? አሰጣኋት።

ስመኘው፦ ምን አደረጓት?

እንቁ፦ ባለፈው «ቫይረስ በኔትወርክ ገብቶ በላው» አላልኸኝም? ነቀዝን ፀሐይ ነው የሚያስለቅቀው። ገመዱ የሚገባባትን ነቅዬ ከበርበሬው ጋር አሰጣኋት። ዶሮ እንዳትጭራት ስጠብቅ ነው የሰነበትሁ።

ስመኘው፦ (በሳቅ ይፈርሳል) ከበርበሬው ጋር! ይህን ቡሬ ያሉ ጓደኞቼ ሲሰሙ!

(እትዬ እንቁ ወጥተው ካርዷን በሰፌድ ይዘው ይመለሳሉ። ስመኘው እያስነጠሰ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ካርዷን ይሰካል፤ ገመዱን አስገብቶ ያበራል።)

ስመኘው፦ ኔትወርኩ መጣ! ምልክቱን ይዩ፣ ሁለት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ጎን ለጎን! (ለራሱ) እኔና ሰብለ!

(ኮምፒዩተሩ ይጠራል።)

እንቁ፦ ደረሱ! ከአዴት ናቸው። መንገዱ ቢያስቸግራቸው በዚሁ ይምጡ ተባብለን ነው። ክፈትላቸውና አንተው አነጋግራቸው፤ ወንድ ቢያነጋግራቸው ይሻላል። (ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።)

(ስመኘው የቪዲዮ ጥሪውን ይከፍታል። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ ከአንገት በላይ አይታዩም።)

ስመኘው፦ ኧረ እነዚህ ካሜራ የሚባል ነገር አያውቁም! አባቶች! ቆማችሁማ እንዴት ትታያላችሁ? ተቀመጡ!

(ጋቢዎቹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። «እውነት እንቀመጥ?» የሚል ድምፅ ይመጣል።)

ስመኘው፦ እንዴታ! ሁላችሁም! ዘና ብላችሁ ተቀመጡ!

(ይቀመጣሉ፤ ፊታቸው በደስታ በርቶ ይታያል። «እግዚአብሔር ይስጥልን!» ይላሉ። ጓዳው በእልልታ ይቀልጣል።)

እንቁ፦ (እያለቀሱ ግንባሩን ይስሙታል) ተባረክ ልጄ! እኔስ ለወጉ አንድ ጊዜ ላመላልሳቸው ነበር።

ስመኘው፦ ምን... ምን ሆነ?

እንቁ፦ ሰብለን ዳርሃታ! ሽማግሌ የለመነውን ሳያገኝ መቼ ይቀመጣል?

ስመኘው፦ እኔ እኮ ስለ ካሜራው ነው!

እንቁ፦ እሱን ለእነሱ ንገራቸው። ተቀምጠዋል፤ አሁን ማን ያስነሳቸዋል?