የደነዘዘ ጣትና ያልታዘዘ ጾም

ቤት ውስጥ የሚያነጋግር ሲጠፋ ሰው የገዛ ሰውነቱን ማዳመጥ ይጀምራል። ታዝባችሁ እንደሆነ አላውቅም። ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ጉልበቱ ቢንቋቋ አይሰማም፤ ከየትኛው ጫጫታ ለይቶ ይስማ? የእኔ ቤት ግን ጸጥ ያለ ነው። ሆዴ ሲያጉረመርም «አቤት» ልል ምንም አይቀረኝም።

ደምሴ እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ሐጂ ሰይድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ሐጂ ጨርቁን ይሸጣሉ፣ እኔ እሰፋዋለሁ፤ እንዲህ ስንል አረጀን። ዕድሜዬ ስልሳ አንድ ነው። ባለቤቴ አስናቀች ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ልጅ አልሰጠንም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ብታዝኑልኝ ግን አልጠላም።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። አንድ ቀን የተማሪ ሸሚዝ ስሰፋ ነጩ ኮሌታ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። የሐጂ ጨርቅ ቀለም የለቀቀ መስሎኝ ልቆጣ ቀና አልኩ። ለካ ደሜ ነው! መርፌው ጣቴን ወግቶት ኖሯል፤ እኔ አልሰማሁም። መርፌ ሲወጋው የማይጮህ ልብስ ሰፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ጊዜ ነው ቆም ብዬ ሳስበው ነገሩ የከረመ መሆኑ የገባኝ። እግሬ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ሲያርፍ ጉንዳን የወረረው ይመስል ውርር ይለኛል። አንድ ጠዋት ደግሞ አንዱ ነጠላ ጫማ ከእግሬ ወልቆ፣ ሳላውቅ እስከ ግቢው በር በአንድ ጫማ ሄጃለሁ።

ሐጂ ሰይድ «ስኳር ነው» አሉኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ተለካሁ፤ የለብኝም። ጎረቤቴ እትዬ ባዩሽ «ነርቭ ነው» አሉ። እሺ፣ ነርቭ ይሁን። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ያለውን አልነገሩኝም። እኛ አገር «ነርቭ ነው» ማለት «እግዜር ይወቀው» ማለት ነው።

የሚጠየቅ ሲጠፋ ስልኬን ጠየቅሁ። እጄ ይደነዝዛል፣ እግሬ ውርር ይለኛል ብዬ ጻፍኩ። ምነው ጣቴ ያኔ በደነዘዘ! መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል በሽታ አወጣልኝ። ስሙን ለመጥራት ራሱ ደህና ምላስ ይፈልጋል። ሰውነት ራሱን ጠላት አድርጎ የነርቮቹን ልባስ ይበላል ይላል። የነርቭ ልባስ! ልብስ ሰፊን ለማስፈራራት ሌላ ምን ይባላል? ምልክቶቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። መደንዘዝ፤ አለ። ድካም፤ አለ። ሙቀት ያባብሰዋል ይላል። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ በግንቦት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ሰው ምን ይበል? ይበልጥ የሚይዘው ወጣቶችን ነው የሚልም ነበረበት። እሱን ዘለልኩት። የፈራ ሰው የሚያነበው ለፍርሃቱ የሚስማማውን ብቻ ነው።

ከሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው አንድ መስመር ነበር። አንዳንዱ ሰው ውሎ አድሮ መራመድ ያቅተዋል ይላል። ስልኩን አስቀምጬ ክፍሌን ዞር ብዬ አየሁ። አልጋ፣ ወንበር፣ ጀሪካን። ብወድቅ ማን ያነሳኛል? ውኃ ማን ያቀብለኛል? ሞትስ ግዴለም፣ አስናቀች ቀድማኛለች፤ እኔን ያስፈራኝ እዚያ ወለል ላይ ተጋድሜ ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ሳያውቅ መቅረቴ ነው።

ከዚያ የሠራሁትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሜትሬን አውጥቼ ከአልጋዬ እስከ በሩ ለካሁ። ጀሪካኑን አልጋው ሥር አደረግሁት። አናጺ ጠርቼ የበሩን መቀርቀሪያ ወለሉ ላይ ለወደቀ ሰው እንዲደርስ ዝቅ አስደረግሁ። አናጺው ደስ ብሎት «ጋሽ ደምሴ፣ ሕፃን ሊመጣ ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ የእህቴ ልጅ» አልኩት። እህት የለኝም። በኋላ ደግሞ መቀርቀሩንም ተውኩት። ሌባ ከገባም ይግባ፤ ሌባም እኮ ሰው ነው።

በመጨረሻ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብዬ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ወጣት ሴት ሐኪም ደረሰችኝ። በትንሽ መዶሻ ጉልበቴን መታች፣ እግሬን በሹል ነገር ነካ ነካ አደረገች፣ «ይሰማዎታል? አሁንስ?» አለች። ደሜን አስመረመረችና ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ።

«ምን ይበላሉ?»

«ጾም ላይ ነኝ» አልኳት።

«መቼ ነው የሚፈታው?»

እዚህ ላይ ላቁምና አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። የአስናቀች አርባ ካለፈ በኋላ ፋሲካ ሆነ። እትዬ ባዩሽ ለዳግማይ ትንሣኤ ጠሩኝ። ገበታው ቀረበ። ከዚያ በፊት በየዓመቱ አስናቀች ከቀኝ ጎኔ ነበር የምትቀመጠው፤ ያን ቀን ሰዎቹ ሳያስቡት ቦታዋን ክፍት ተዉት። እትዬ ባዩሽ ሊያጎርሱኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ያን ክፍት ቦታ አየሁ። ሰው ፊት ላለቅስ ነው! ምን ልበል? «ጾም ላይ ነኝ» አልኩና አረፍኩት።

አስቡት እንግዲህ። በበዓለ ሃምሳ! ረቡዕና ዓርብ እንኳ በሚበላበት ወቅት! አንዱ ስለት ነው አለ፣ አንዱ ንስሐ ነው አለ። የሰው ንስሐ ደግሞ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቀኝም። የንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ትልቅ አባት ያዘዙኝ መስሏቸው ዝም አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ውሸትም እያደር ይወፍራል። ቅርጫ ሲገባ ስሜ ተዘለለ፤ ጾመኛ ሰው የበሬ መደብ ምን ያደርግለታል? ለምሳ የሚጠራኝ ጠፋ። በምትኩ መንገድ ላይ እያስቆሙ «በጸሎትዎ ያስቡን» ይሉኝ ጀመር። ሰው የሚያከብረውን ሰው ቤቱ አይጠራም፤ ከሩቅ ነው የሚሳለመው። እኔም ማታ ማታ ዳቦዬን በሻይ እየነከርኩ ቅድስናዬን ብቻዬን አስታምም ነበር።

አንዴ አላስቻለኝም። ማንም የማያውቀኝ ቦታ ልብላ ብዬ በሚኒባስ ጎረቤት ከተማ ጀውሃ ሄድኩ። የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት ገብቼ ጥብሱ እየተንጫጫ፣ ምራቄን እየዋጥኩ፣ አስተናጋጇን ልጠራ እጄን አነሳሁ። አንድ ደንበኛዬ ከወዲያ ጥግ ብድግ አለና «ጋሽ ደምሴ! አይቸገሩ፣ የጾምም አላቸው!» ብሎ ጮኸ። እሱ ራሱ ሽሮ አዘዘልኝ። ጨርሼ እስክበላም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስለ ጾም በረከት አጫወተኝ።

ወደ ሐኪሟ ልመለስ። «አራት ዓመቴ ነው፣ ተፈትቶ አያውቅም» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ማን ነው ያዘዘዎት?»

በአራት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። ምላሴ ሳያማክረኝ እውነቱን ተናገረ። «ማንም አላዘዘኝም፣ ልጄ። ሰው ገበታ ላይ ማልቀስ ፈርቼ ነው» አልኳት።

አልሳቀችብኝም። ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት የሚገኝ አንድ ቫይታሚን ደሜ ውስጥ አልቆ ሊጠፋ ምንም እንዳልቀረው፣ ነርቭ ያለ እሱ እንደሚጎዳ በቀስታ አስረዳችኝ። የፈራሁት በሽታ እንደማይመስላት፣ ግን በሕክምናው ካልተሻለኝ ተመልሼ መምጣት እንዳለብኝ ነገረችኝ። መርፌ አዘዘችልኝ። ዕድሜ ልኬን ያበላኝ መርፌ አሁን ደግሞ ሊያድነኝ ነው ማለት ነው። በምግቡ በኩል ግን ቆፍጠን አለች፤ «ብቻዎን መብላት ካቃተዎት ከሰው ጋር ይብሉ፤ ይህንንም እንደ መድኃኒት ይያዙት» ብላ አሰናበተችኝ።

መጀመሪያ ለሐጂ ሰይድ ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ሳልደብቅ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወላሂ፣ እኔ አንቱን እያየሁ የራሴን ረመዳን ንቄው ነበር!» አሉኝ። ሳቃቸው ሲበርድ ዓይናቸውን ጠረጉ። «የእኔ ቤት ሥጋ ለአንቱ አይሆንም። ወተቱ ግን ኢንሻ አላህ ከነገ ጀምሮ ይመጣል። ለባዩሽ ደግሞ ዛሬውኑ ይንገሩ» አሉ።

እትዬ ባዩሽ ዘንድ እየፈራሁ ሄድኩ። ሴትዮዋ እኮ የልጃቸው ፈተና ማለፍ በእኔ ጾም ነው የሚሉ ናቸው! «ሐኪም ሥጋ ብላ አለኝ» አልኩ፤ ግማሹን እውነት ብቻ። ከዚያ ባለቤታቸውን ጠርተው «ለቅርጫው አንድ ሰው ጎድሎናል ስትል አልነበር?» አሉ። ይኸው ነው። ምንም አልጠየቁኝም። እሁድ ምሳ እነሱ ቤት እንድበላ ተነገረኝ።

እሁድ ደረሰ። ጥብሱ ቀረበ። ከቀኝ ጎኔ ያለው ቦታ አሁንም ክፍት ነው። እትዬ ባዩሽ አጎረሱኝ። አራት ዓመት የሸሸሁት እንባ አንዱም ሳይቀር መጣ፤ ቆሞ ሲጠብቀኝ ኖሯል። ሰው ሁሉ መጉረሱን አቆመ። ምን ልበል? «ሚጥሚጣው ነው» አልኩ።

ሰሞኑን በረንዳዬ ላይ መርፌ ወጋኝና ጮህኩ። ሐጂ ከሱቃቸው ውስጥ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ከግራ እግሬ አንድ ሁለት ጣት ላይ ቀርቷል እንጂ ውርር ማለቱ እየሸሸ ነው። በሬንም እንደገና መቀርቀር ጀምሬያለሁ፤ መቀርቀሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ግን በየቀኑ አጎነብሳለሁ።

በሁለተኛው እሁድ እትዬ ባዩሽ ለእኔ ብቻ ያለ ሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ነፍሴ ሚጥሚጣ ትወዳለች፤ ግን በምን አፌ? እንደቀረበልኝ ጎረስኩ። እንባዬ እንደገና መጣ። ዛሬስ ምን ላሳብብ? ገና ሳስብ እትዬ ባዩሽ ቀና እንኳ ሳይሉ «ዛሬ ደግሞ ሽንኩርቱ ነው፤ የእኛ አገር ሽንኩርት ኃይለኛ ነው» ብለው ለቤቱ ሁሉ ነገሩልኝ። ሽንኩርቱ በስሎ አልቋል። ባለቤታቸውም አንገታቸውን ነቅንቀው «እኔንም አቃጠለኝ» አሉ።

አራት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ዋሸሁ፤ ጣቴን አደነዘዘኝ። ለካ ውሸትም እንደ ቅርጫ ነው፤ የሚጣፍጠው ተካፍለው ሲበሉት ነው።