ከቁርጭምጭሚት በላይ

ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ኮልፌ አንድ ከባድ አደጋ ገጠማት። አደጋው ጣልያን አይደለም፤ እሱንስ ሰው ለምዶታል። አደጋው የድንቅነሽ ቀሚስ ነበር። ቁርጭምጭሚቷን ሊሸፍን ሲገባው አንድ ስንዝር ያህል ሳይደርስ ቀረ።

ይህን ጥፋት ያዩት፣ በአስተዋይነታቸው የታወቁት ባላምባራስ ወልደሰንበት ናቸው። ወዬሳ የሚባል ጎረምሳ ድንቅነሽን እንዲያጩለት ከሌሎች ጋር ሽማግሌ አድርጎ ልኳቸው፣ ከአክስቷ ከወይዘሮ ወለተጻድቅ ቤት ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ የእጅ ውሃ ይዛ ስትገባ ከዘራቸውን አንስተው ከቀሚሷ ጫፍ እስከ መሬት ለኩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቀሚሴ ነው፣ አባባ።»

«ለምን አጠረ?»

«እሱስ አላጠረም። እኔ ነኝ የረዘምኩት።»

«ማን ፈቅዶልሽ?»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ መሃል ገቡ። «ባላምባራስ፣ ጨርቅ ከገበያ ጠፋ እኮ። ያላት እሱ ብቻ ነው።»

«ጨዋነት ከገበያ አይገዛም!»

የቀሩት ሽማግሌዎች «ወይ አነጋገር!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀሚሱ መሬት እስኪጠጋ ድረስ ማጨት እንዳይኖር ተበየነ። ወይፈኑን ሸጦ የድግሱን ጌሾ የገዛው ወዬሳ ብይኑን ደጅ ቆሞ ሰማ።

ባላምባራስ ግን ለአንዲት ቀሚስ ብቻ የሚጨነቁ ሰው አልነበሩም። የወጣቱ ሁሉ ብልግና ስላንገበገባቸው ሕግ እንዲወጣ ሊለምኑ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ወደ ጣልያኑ መኮንን ሄዱ።

መኮንኑ ቁምጣ ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀበላቸው። ሽማግሌዎቹ ኩታቸውን አደግድገው እጅ ሲነሱ ግንባራቸው ከመንግሥት ራቁት ጉልበት ጋር ፊት ለፊት ገጠመ። ጉልበቱ ቀይና ፀጉራም ነበር። ከዘራውን ያነሳ ሰው ግን አልተገኘም።

«ጌታዬ» አሉ ባላምባራስ በአስተርጓሚ፣ «የዘንድሮ ልጅ ረዥም ልብስ ጠላ።»

«ረዥም ልብስ ምን ይጠቅማል?»

«ይደብቃል፣ ጌታዬ።»

መኮንኑ እግሩን አወረደ። «ምን ምን ይደብቃል?»

ባላምባራስ እንዲህ ያለ ሰሚ አግኝተው አያውቁም፤ ልባቸው ሞቀ። «የማይደብቀው የለም! እኔ ይህን ካባ ስደርብ ከሥሩ ምን እንዳለ እንኳን ሌላው ሚስቴም አታውቅ!»

ከጫካው በኩል በየጊዜው ይተኮስበት የነበረው መኮንን ምክሩን በታላቅ ምስጋና ተቀበለ። በማግስቱ ገበያ መሃል አዋጅ ተነገረ፦ «ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ የወንድ ልብስ ሁሉ፣ ካባም ሆነ ሱሪ፣ ከጉልበት በላይ እንዲቆረጥ ታዟል!»

የሐሳቡ አመንጪ እንደመሆናቸው የመጀመሪያው መቀስ ያረፈው በባላምባራስ ላይ ነው። የሚቆርጠው ልብስ ሰፊው ሽኩር ሲሆን፣ መስመሩ እንዳይጣመም ሁለት ወታደሮች ጠመንጃ ደግነው ያግዙት ነበር። እስከ ማታ ሽኩር ደጃፍ ላይ የኮልፌ ክብር በቁርጥራጭ ተከመረ።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ መጥተው ክምሩን አገላበጡ።

«ባለቤቶቹ ቢጠይቁህሳ?»

«ኧረ ይውሰዱት፣ እማማ» አለ ሽኩር። «በዚያ እግር ማን ይመጣል?»

ወዬሳ ሽማግሌዎቹን ዳግመኛ ለመነ። ሰው እንዳያያቸው በጓሮ ዞረው ገቡ፤ ሁሉም የተረፈችውን ጨርቅ ወደ ጉልበቱ እየሳበ ተቀመጠ። ድንቅነሽ የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል። ከታች በኩል፣ ዙሪያውን፣ የወርቅ ክር ያለበት ሰፊ ጥቁር ጨርቅ ተቀጥሎበታል።

ባላምባራስ እንደ ልማዳቸው ከዘራቸውን አነሱ፤ ከዚያ ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት።

«ይህን ጨርቅ ከየት…?»

«ከእርስዎ የተረፈ ነው፣ አባባ።»

«ጨዋ ልጅ ናት!» አሉ የቀሩት ሽማግሌዎች በአንድ አፍ፣ በችኮላ፤ ማጨቱም በዚያው ጸደቀ።

ድንቅነሽ ባላምባራስን ስታስታጥብ እጃቸውን ለመዘርጋት ጨርቃቸውን መልቀቅ ግድ ሆነባቸው። እሷም እንደ ጨዋ ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ነጠላዋን አውልቃም ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

«ይሸፍኑት፣ አባባ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው ያያል።»