ለአምስት ልጆች የተሠራ ባለ አራት ጎን ሳጥን

በሙዚቃ ድርጅታችን ደንብ ዘፈን የሚመጣው ከሳጥኑ በኋላ ነው። ደንብ ደግሞ ይከበራል። እኔም እዚሁ ሴኡል፣ በድርጅቱ የአልበም ማሸጊያ ክፍል ባልደረባ እንደመሆኔ፣ ጀማሪዎቹ አምስት ልጆቻችን አንድ ዜማ ሳይቀዱ የአልበማቸው ሳጥን ታትሞ ማለቁን በኩራት እመሰክራለሁ።

ሳጥን ብላችሁ ሳጥን! ሐምራዊ፣ ክዳኑ በማግኔት ጥርቅም የሚል፣ በየጎኑ የአንድ ልጅ ፊት ያለበት። ጎኖቹ አራት ናቸው። ልጆቹ አምስት መሆናቸው ትዝ ያለን ሳጥኑ በጭነት መኪና ተጭኖ ከመጣ በኋላ ነው።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አንዱ ባልደረባ አምስተኛው ፊት ክዳኑ ላይ ይለጠፍ አለ፤ ክዳኑ ላይ ግን የሊቀ መንበራችን ፊርማ አርፎበታል። ሳጥኑ ይቀየር የሚል ደፋር አልተገኘም፤ አስተዋይ ሰዎች ነን። ስለዚህ ከልጆቹ አንዱ እንዲቀነስ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ተቀናሹ ቹንሆ ሆነ። ዘፈኖቹን የሚደርሰውም፣ አብዛኛውን የሚዘፍነውም እሱ ነው። ነገር ግን ሳጥኑ ላይ አለመታተሙ በቀላሉ የሚታለፍ ጥፋት አልነበረም።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጉ እኔ ባለሁበት አስጠርተው በአባትነት መንፈስ አስረዱት።

«ድምፅህ ይቀራል። ድምፅ እንደሆነ ቦታ አይዝም።»

«እናቴስ? ሞክፖ ወደብ ደረቅ ዓሣ እየቸረቸረች ነው ያሳደገችኝ። ጎረቤት ሁሉ ልጅሽ ሴኡል ሳህን ያጥባል እያለ ይስቅባታል። አንድ ፎቶ ብታሳያቸው አፋቸውን ይይዙ ነበር።»

«ሳህን ማጠብ ምን ነውር አለው?»

«ምንም። እኔ ግን ዘፋኝ ነኝ ጋሼ።»

ልጁ አንጀቴን በላው። ይሁንና ስብሰባው ላይ እጄን ያወጣሁት እኔም ነኝና ሳጥኖቼን ወደ መቁጠሬ ተመለስኩ።

አልበሙ ሊወጣ ሲል ሊቀ መንበሩ አንዱን ሳጥን ከፍተው ለአድናቂ ስጦታ ውስጡ የሚገቡትን የልጆቹን የፎቶ ካርዶች ቆጠሩ። አራት ሆኑ። አገራችን አራትን የሞት ቁጥር ነው ብላ ትፈራለች፤ የሕንፃችን ሊፍት እንኳ አራተኛ ፎቅን በቁጥሩ አይጠራም።

«ልጆቹን ልትገድሏቸው ነው?» አሉ።

አምስተኛ ካርድ ይጨመር ተባለ። እኔ ቂሉ የቹንሆን ፎቶ ይዤ ሮጥኩ። አቶ ጉ ግን ሳጥኑ ላይ የሌለ ፊት ሳጥኑ ውስጥ ቢገኝ ሕዝብ ይደናገራል ብለው፣ ምንም ያልታተመበት ነጭ ካርድ እንዲገባ ፈረሙ።

ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚሉ ምቀኞች ይፈሩ! አድናቂው በነጩ ካርድ አበደ። ጋዜጠኞች ስለ ጥልቅ ትርጉሙ ተከራከሩ። አቶ ጉ የንድፍ ሽልማት ተቀብለው፣ ባዶውን ለማግኘት ብዙ እንደደከሙ በእንባ ተናገሩ። ቹንሆም ምሥጢሩ እንዳይባክን ፊቱን የትም እንዳያሳይ ታዘዘ። ለእናቱ ግን በስልክ ነጩ ካርድ እኔ ነኝ ብሏት ኖሯል።

ለአዲስ ዓመት ሞክፖ ወርጄ እናትየውን ጠየቅኳት። ገበያው መሀል ዘፈኑ ይጮሃል፤ ከደረቁ ዓሣ በላይ ነጩ ካርድ በመስታወት ተሰቅሏል። ጎረቤቷ አንዷ ቀና ብላ አየችው።

«ልጄ ነው ያልሽው ይሄ ነው?»

«እሱው ነው» አለች እናትየው፣ መስታወቱን በመቀነቷ ጫፍ እየወለወለች። «ሴኡል ከገባ ትንሽ ነጣ ብሏል እንጂ።»