ናጅዋ ወለተ ጀብሪል የሰርጉን እሳት እንደምን እንዳጠፉ

ናጅዋ ወለተ ጀብሪል፣ ጸዋሪተ ጓንት፣ መምህርተ በርሜል፣ ከመርከብ በወረዱ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥር በ፲ወ፯ ቀን፣ ዕለቱም እሑድ ሆኖ፣ በሀገረ መርሳ ይህ ሆነ።

እኒህ ናጅዋ አምስት ሺህ መንገደኛ በሚያንሸራሽር መርከብ ሆድ ውስጥ አራት ዓመት ቆሻሻ ሲለዩ ኖረው፣ ጠርሙሱን ከካርቶን፣ ካርቶኑን ከአመድ፣ አመዱን ከዘይት ሳይቀላቅሉ፣ ወደ ባሕሩም አንዲት ቡሽ እንኳ ሳይጥሉ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በአቶ ስዩም ሆቴል የጽዳትና የእሳት ሹም ተብለው ለሦስት ወር ሙከራ ተሾሙ። በጓሮም አራት በርሜል አቆሙ፤ ለአመዱም ባለ ብረት ክዳኑን መደቡለት። አቶ ስዩም ግን ቆሻሻ ያው ቆሻሻ ነው እያሉ ይሥቁ ነበር።

በመርከባቸው ሕግ እሳት ሲነሣ መንገደኛው እንዳይደነግጥ ስሙ አይጠራም፤ ሦስት ጊዜ «ብራቮ» ይባላል፣ ሠራተኛውም ነገሩ ገብቶት ይሮጣል። ናጅዋ ይህን ለሆቴሉ ሰዎች አስተማሩ። ባለቤቱም ነገሩን እጅግ ወደውት እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «በእኔ አዳራሽ እሳት ብሎ ጮኾ እድምተኛ የበተነ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በዚያው ቀን ከሥራው ተሰናብቷል!»

በተባለው እሑድ የግራና ሙሽራ የመርሳን ልጅ አገባ። ተከታዩም ይህ ነበር፦ ከሲሪንቃ ስድስት ሚዜ ባለ አንድ ዓይነት ከረባት፣ ከውርጌሳ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ፣ ከወልድያ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ከነድምፅ ማጉያው፣ የእስላሙና የክርስቲያኑ ወጥ ቤት ከነጭልፋቸው፣ ቁጥራቸው ያልታወቀ ሕፃናትም።

በስምንት ሰዓት በላይ የተባለው ጥብስ ጠባሽ ፍም ያለበትን አመድ በካርቶኑ በርሜል ደፋ፣ ያገለገለ ዘይት ጠዋት ደብቆ በደፋበት በዚያው። ክዳን መክፈት ሰልችቶት ነው እንጂ ሳይማር ቀርቶ አይደለም። ነበልባሉ ወደ ጋዝ ሲሊንደሮቹ መዘርጋት ሲጀምር፣ ናጅዋ በአዳራሹ በር ቆመው በሙሉ ድምፃቸው ሦስት ጊዜ «ብራቮ!» አሉ።

ወዮ ለትምህርት! አስተናጋጇ ትዕግስት እልል አለች፤ ዘበኛው ጋሽ ደምሴ ዱላቸውን እየነቀነቁ ጨፈሩ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዘፈኑን አፈጠነ፤ ሙሽራውም ውዳሴው ለእሱ መስሎት ተነሥቶ እጅ ነሣ። ደግመው ቢጮኹ ጭብጨባው ጣራውን ነቀነቀው። ያን ጊዜ ናጅዋ ተጨነቁ፤ ሥራውን ይወዱት ነበርና፣ ሌላም አልነበራቸውምና። ሆኖም ጭሱን አይተው ማይኩን ነጠቁና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስሙኝ ወገን! ብራቮ ያልኩት እሳት ነው! እሳት! ልጅ የያዘ በፊት በር ይውጣ! ሚዜዎች፣ የሙሽራውን ምንጣፍ ይዛችሁ ተከተሉኝ! ዘይት አለበትና ውኃ የደፋበት ወላሂ ከእኔ ጋር ተጣላ!»

ስድስቱ ሚዜዎች ከረባታቸውን ወደ ኋላ ወርውረው፣ ቀዩን ምንጣፍ በእጅ መታጠቢያው ውኃ ነክረው ጨመቁ፤ ጋሽ ደምሴ ሲሊንደሮቹን እንደ ዘመድ እያቀፉ ወደ መንገድ አወጡ፤ ናጅዋም ቢስሚላህ ብለው ምንጣፉን በበርሜሉ አፍ ጣሉት፣ የብረቱንም ክዳን ጫኑበት። እሳቱ ሁለት ጊዜ አጉረምርሞ ሞተ።

አቶ ስዩም መጡ። ናጅዋም አዋጁን ያውቁ ነበርና ጓንታቸውን አውልቀው ስንብታቸውን ጠበቁ። ባለቤቱ የተቃጠለውን ምንጣፍ አዩ፣ ከበርሜሉ እስከ ጋዙ ስፍራ በእርምጃ ለኩ፣ ሁለት እርምጃ ሆነ። ከዚያም ኮታቸውን አውልቀው፣ አካፋ ጨብጠው፣ በሰው ሁሉ ፊት አወጁ፦ «የመርሳ ሰው ምስክር ይሁነኝ! ናጅዋ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ናት! አሁን ይህ አመድ የትኛው በርሜል እንደሚገባ ታሳየኝ፣ እኔው እደፋዋለሁ!»

ምስጋና ይድረሳቸው ለናጅዋ ወለተ ጀብሪል፣ ማዕበል ላላስደነገጣቸው፣ ጭብጨባ ላላታለላቸው፣ እንጀራቸውን አስይዘው የሰው ነፍስ ለጠበቁ፤ ሦስት መቶ እድምተኛ ያን ቀን ሳይቃጠል፣ ደግሞም ሳይርበው፣ ወደ ቤቱ ገብቷልና።