ላፕቶፑና ሰባቱ ምራቂዎች

ላፕቶፕ ልትገዙ ነው? እንግዲያው አንድ ጊዜ ቁጭ በሉ፤ ላስረዳችሁ። እኔ ማስረዳት እወዳለሁ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከተበላሹ ስልኮችና ከቪዲዮ ነው የለቀምሁት። ደብረ ማርቆስ አንዲት በረንዳ ላይ ስልክ እጠግናለሁ። ባትሪ ሊያስቀይር የመጣ ሰው ባትሪ ከምን እንደሚሠራ ሰምቶ ነው የሚሄደው። ቢቸኩልም።

ተማሪ ዩኒቨርሲቲ በሚመደብበት ሰሞን የሱቆቻችን መስታወት በወረቀት ይሸፈናል። «ለተማሪዎች ልዩ ቅናሽ! ላፕቶፕ ሲገዙ ሰባት ስጦታ በነጻ!» ያዋጣል ወይ? ጠይቃችሁኛል ብዬ ልቀጥል።

በቅድሚያ ስለ ምራቂ። በአገሬ በቁይ ገበያ በርበሬ ስትገዙ ሻጯ ጣሳውን ሞልታ ትገለብጥላችኋለች። እናንተ ግን ከረጢቱን አትሰበስቡም። አፉን ከፍታችሁ ትጠብቃላችሁ። እሷም እያጉረመረመች አንድ እፍኝ ምራቂ ትጨምራለች። ያኔ ነው ግዢው ያለቀ። እፍኟ ሰፋ ካለች ሴትዮዋ ደግ ናት፤ በርበሬውም ጥሩ ነው። ምኑ ከምኑ እንደሚገናኝ አትጠይቁኝ። እንዲህ ነው ያደግነው።

አያ ታደለም በዚህ ልብ ነው የመጡት። የቁይ ገበሬ ናቸው፤ የአባቴ ጎረቤት። ልጃቸው ትርንጎ ኮምፒውተር እንድታጠና ተመደበች። ያለ ላፕቶፕ አይሆንም ተባለች። አያ ታደለ ከሁለት በሬዎቻቸው ቦራውን፣ ግንባረ ነጩን፣ ሸጡት። ገዢው አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን አየ፤ ትከሻውን ዳበሰ፤ ወዲያ ወዲህ አስነዳው። በመጨረሻም ገመዱን ምራቂ ብሎ አስመረቀ።

«ሰጠሁት» አሉኝ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብለው። «በሬ ሰጥቶ በገመድ ይጨከናል? በል አንተ የተማርህ ነህ፤ እንዳልታለል አብረኸኝ ግባ።»

የተማርህ! ይችን ቃል ከዚያ በፊት ማን ብሎኝ ያውቃል?

ገባን። ባለ ሱቁ ላፕቶፑን ከፈተው። ቻርጀሩ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ፏ ብሎ በራ። እኔ ማስረዳት ጀመርሁ። ራም ማለት አውድማው ነው፤ ሥራው የሚሠራበት። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ጎተራው። «የኔ ጎተራ እንኳ ይህን ያህል ይዞ አያውቅ» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ስጦታው መጣ። ቦርሳ፣ ማውስ፣ ፍላሽ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የኪቦርድ መሸፈኛ፣ የስክሪን መጥረጊያ ጨርቅ፣ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ። አያ ታደለ በጣታቸው ቆጠሩ። እኔ ማውሱን ጠቅ ጠቅ አደረግሁ። ፍላሹን ሰክቼ መጠኑን አረጋገጥሁ። የቦርሳውን ዚፕ ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ።

«ወዲያ ማዶ ያለው ሱቅ አራት ነው የሚሰጠው» አልሁ፣ በኩራት።

«ይሄማ ደግ ሰው ነው!» አሉ አያ ታደለ።

ደጉ ሰው ስንወጣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ለእኔም ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። ደንበኛ ስላመጣህ ነው አለኝ።

አሁን ልብ በሉ። የበሬው ገዢ ጥርስ አየ። እኔስ ምን አየሁ? ቻርጀሩን ነቅዬ ላፕቶፑ በባትሪው ራሱን ችሎ መቆሙን ማየት ነበረብኝ። ገልብጬ ብሎኖቹን ማየት ነበረብኝ፤ ተፈትቶ የታሰረ ብሎን ጠርዙ ያስታውቃል። ይህን አጥቼው ነው? ለመጣ ለሄደው የምደሰኩረው ይህንኑ አይደል? ግን ዚፕ እየከፈትሁ ነበር።

በሁለተኛው ወር ትርንጎ ደወለች። ላፕቶፑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሶኬት ሲነቀል ድርግም ይል ነበር። አባቷ እንዳይሰሙ ዝም ብላ ነው። አሁን ጭራሽ አልበራም አለ። እዚያ ያለ ጠጋኝ ከፍቶ አየላት፤ አሮጌ ነው፣ ልባሱን ብቻ ነው የቀየሩት፣ ቦርዱም ተቃጥሏል አላት። ፕሮጀክቷን ሳታስረክብ ቀረች። የሚቀጥለው ካመለጣት ትባረራለች። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔ ያን የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ነበር የምሰማት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ትንፋሿ እንኳ አላመለጠኝም።

ባለ ሱቁ ዘንድ ሄድሁ።

«ወንድሜ፣ ዋስትናው የአንድ ወር ነው» አለኝ። «ስጦታዎቹስ? ይሠራሉ?»

«ይሠራሉ።»

«ታዲያ!»

እውነቱን ነው። በነጻ የተሰጠው ሁሉ እስከ ዛሬ ይሠራል። የሞተው የተገዛው ብቻ ነው።

ማክሰኞ ቁይ ሄድሁ። አያ ታደለ የቀረ በሬያቸውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ያርሱ ነበር። ጎረቤትየው በሬውን ሲፈልግ እሳቸው ማረስ ያቆማሉ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ቻርጀሩን አለመንቀሌን፣ ብሎኑን አለማየቴን፣ ኪሴ የገባውንም። እርፉን እንደያዙ በሬዎቹን አቆሙ።

«አንተ ምን ታደርግ» አሉኝ ኋላ። «ያ ሁሉ ምራቂ እኮ በአንተ ነው የተገኘ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚመጣው ገበያ ይህም በሬ ተሽጦ ሌላ ላፕቶፕ ይገዛል አሉኝ። ትርንጎ መባረር የለባትም። መሬቱስ አልሁ። ለሌላ ሰው የእኩል እንዲያርሰው ይሰጣል አሉኝ፤ ወደ በሬው ሳያዩ።

እኔም ማስረዳቴን ጀመርሁ። ማስታወቂያ አናይም። ስጦታ አንቆጥርም። ቻርጀሩን እንነቅላለን፤ ገልብጠን ብሎኑን እናያለን፤ ሰዓት ይዘን እንፈትነዋለን። እንደ በሬ፣ አያ፣ ልክ እንደ በሬ! ብዙ አወራሁ። ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልክ ነህ ልጄ» አሉኝ። «ቦርሳ እንደሆን አለን። አሁን በቦርሳው ፈንታ ሌላ ነገር ታስመርቅልናለህ።»