ባለ ክንፉ በጦር ሰፈሩ ሰማይ ያለፉበት ዜና

በዘመነ አውሮፕላን በሦስተኛው ዓመት፣ ይኸውም ጌታዬ የቤት መኪናችንን ሸጠው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በገዙ በሦስተኛው ዓመት፣ ማክሰኞ ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ኃያል ወመዋዒ፣ ሥዩመ ደመና፣ የጎማ ነጋዴው ልጅ፣ በሰፈር ስማቸው ባለ ክንፉ የተባሉት ባለቤቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አማታቸውን ዓይን ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ዘመቱ።

የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ በቀኛቸው እናቴ፣ በሁለት ሹራብ ላይ ካፖርት ደርባ፤ ከኋላ እኔ ሚስታቸው፤ ከእኔም ጎን የመድኃኒት ቦርሳ፣ አንድ ፔርሙዝ፣ ለማስታወክ የተሰናዳ ፌስታል ከነመለዋወጫው። ቀጠሮው ለስድስት ሰዓት ነበር። ያረፈደ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጥና መንፈቅ ይጠብቃል፤ የእናቴ ግራ ዓይን ግን አስቀድሞ ጠፍቶ፣ ቀኙም ሊከተለው ቸኩሎ ነበር።

በመንገዳቸውም ላይ የጦር አየር ሰፈር አለ፤ በዚያ ሰማይ የሚያልፍ ሁሉ በማማው ላይ የተቀመጠውን ወታደር ተቆጣጣሪ በሬዲዮ ያስፈቅዳል። ተቆጣጣሪውም እስከዚያች ቀን ድረስ ለጌታዬ የሰጣቸው መልስ «ዙሩ» የሚል ብቻ ነበር፤ እርሳቸውም ተራራውን ዞረው ያልፉና ማታ ለእንግዳ «መልክዓ ምድሩን ለማየት ብዬ ነው» ይሉ ነበር። ያን ዕለት ግን ተራራውን ደመና ስለዋጠው፣ ወይ በሰፈሩ ላይ ማለፍ ነው፣ ወይ ወደ ቤት መመለስ።

ጌታዬም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ቤት ውስጥ በማያወጡት ድምፅ፣ «ማማ፣ ባለ አንድ ሞተሯ ነኝ፤ በሰፈሩ ላይ በቀጥታ ለማለፍ እጠይቃለሁ» ሲሉ አወጁ። ሕመምተኛ ይዣለሁ ማለት ልመና ስለመሰላቸው፣ ለክብራቸው ሲሉ ተዉት። ከማማውም «ልምምድ ላይ ነን፤ ጠብቁ» የሚል አዋጅ ወጣ።

ጠበቁ፤ አንድ ሐይቅ ላይ እየተሽከረከሩ ጠበቁ። ከዚያም በቁጣ «እየጠበቅሁ ነው!» ብለው መሪው ላይ ያለውን የሬዲዮ መናገሪያ ቁልፍ ቢጫኑት፣ መካኒክ እንዳይነካባቸው ብለው በገዛ እጃቸው በፕላስተር የጠገኑት ቁልፍ ሰምጦ ቀረ። ቁልፉ ሲሰምጥ የተናገሩት ሁሉ ለዓለም ይሰማል፤ እርሳቸው ግን ማንንም አይሰሙም፣ ሌላውም በዚያ መስመር መነጋገር አይችልም። ይህን ከእኛ ማንም አላወቀም። ጌታዬም የማማውን ዝምታ ንቀት ነው ብለው ተረጎሙት፤ ተርጉመውም አዋጅ አወጡ፦

«ሰውዬው ሰማዩን ከአባቱ ነው እንዴ የወረሰው? ማማ ላይ ተጎልቶ ሻይ ከመጠጣት በቀር ምን ያውቃል?»

እናቴም የራሷን አዋጅ አስከተለች፦

«ኧረ ተው ልጄ! ሰው ሥራው ላይ ነው። ደግሞ ድምፁ ተዘግቷል፣ አልሰማኸውም? በብርድ ሲያሠሩት አድረው ይሆናል፤ የማን ልጅ ይሆን? የዓይን ቀጠሮ አለባት በለው፣ ምን አለበት! እምቢ ካለም መልሰኝ፤ ይቺን የቀረችኝን እስክትጠፋ እጠቀምባታለሁ። ብቻ በእኔ የተነሣ ከሰው አትጣላ።»

«እማማ፣ እኔ ይህን ሰውዬ አልለምንም!» ሲሉ ጌታዬ መሪውን በቡጢ ቢመቱት፣ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ ልምምድ ላይ ከነበሩት ተዋጊ ጀቶች በሬዲዮው የታፈነ ሳቅ መጣ፤ ቀጥሎም የማማው አዋጅ፦

«ባለ አንድ ሞተር፣ ቁልፋችሁ ተጣብቆ ነበር። የምጠጣው ሻይ አይደለም፣ ውሃ ነው። መስመሩን ስለያዛችሁብን ልምምዱ ቆሟል፤ እናታችንን ይዛችሁ በቀጥታ እለፉ። እናታችን፣ ጉንፋን ነው፤ እየተሻለኝ ነው።»

«ተመስገን፣ ዝንጅብል ጠጣበት» አለች እናቴ፣ ለመናገር ቁልፍ መጫን እንደሚያስፈልግም ሳታውቅ።

ጌታዬም ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ ድል እንዳደረገ ንጉሥ ግራና ቀኝ ሳያዩ አለፉ። ጥይት ሳይተኩሱ ያን ሁሉ ጀት ዝም ያሰኙ፣ ሳይለምኑ የተለመነላቸው፣ በፕላስተር ጦር የፈቱ እርሳቸው ናቸው! እንደ እርሳቸው ያለ ከእርሳቸው በፊት አልተነሣም፤ ከእርሳቸው በኋላም ይህ ቤት ጭር ብሏል።

ሐኪሙ እናቴን በሰዓቷ ተቀበላት፤ ቀኝ ዓይኗም ዳነ። አምና ጌታዬ ሆስፒታል ውስጥ ባረፉ ጊዜ እኔ ለመግባት ድፍረት ስላጣሁ፣ በዚያችው በዳነች ዓይኗ ገብታ ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻቸው እርሷ ናት።