የረግረጉ ጠበቃ

ጎረቤቱ ቧንቧ በከፈተ ቁጥር ደሙ የሚፈላ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛው ግን የሁሉም አለቃ ነበሩ። ክቡር ውሃ አካፋያችን ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። የምንጩን ውሃ ለላይ ሰፈር፣ ለታች ሰፈርና ከሁሉ በታች ላለው ረግረግ በሰዓት የሚያከፋፍሉት እሳቸው ነበሩ።

ሰዓቱ ሲሞላ ይዘጋሉ፤ ሙሽራም ብትሆን አይራሩላትም። እኔን አንድ ቀን ፊቴ ሳሙና እንደሆነ ዘጉብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እየተደናበርኩ ደጃፋቸው ድረስ ሄጄ ብለምናቸው፣ “የታችኞቹስ?” አሉኝ። ሌላ መልስ አያውቁም። ሚስታቸው ሻይ ሲቀዱላቸውም እንደዚሁ ይላሉ እያልን እናማቸው ነበር።

ረግረጉ በቀን ሁለት ሰዓት ድርሻ ነበረው። ለእንቁራሪት ሁለት ሰዓት! ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ “የእንቁራሪት ጠበቃ” የሚል ማዕረግም ሰጠናቸው። የታች ሰፈር ጉድጓዶች ውሃ የሚያገኙት ከረግረጉ ነው እያሉ ቢሟገቱም የሰማቸው አልነበረም።

ዝናብ ሁለት ዓመት ቀረና ምንጩ ቀጠነ። እኛ የላይ ሰፈር ሰዎች ተሰብስበን የረግረጉን ሁለት ሰዓት ለራሳችን ወሰድን። መጀመሪያ እጁን ያወጣው እኔ ነበርኩ። እሳቸው የመዝጊያውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ረግረጉ በአራት ወር ደረቀ፣ ጉድጓዶቹም ተከተሉት። የታች ሰፈር ሰው ከጉድጓዶቹ የቀረውን ድፍርስ እየጨለፈ ሲጠጣ፣ የዳቦ ሻጯ ሕፃን በተቅማጥ ሞተ። እሳቸው ለቀብር መጡ፤ ብያችሁ ነበር አላሉም። ቢሉን እንዴት በቀለለን።

አሁን ታችኞቹም ጀሪካናቸውን ይዘው እኛው ምንጭ ላይ ይሰለፋሉ። ትናንት ጠዋት ሽማግሌውን ውሃ አካፋያችንን ከሰልፉ መሃል አየኋቸው፤ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ተራ ስሰጣቸው ሰልፈኛው ከሰማ ይቆጣል ብዬ ጠጋ አልኩና በሹክሹክታ፣ “ጋሼ፣ እኔ ደርሶኛል፤ በእኔ ተራ ይቅዱ” አልኳቸው።

ዞር ብለው ሰልፉን ጫፉ ድረስ፣ ዳቦ ሻጯ እስከቆመችበት አዩት።

“የታችኞቹስ?” አሉኝ።

ያን ድምፅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ ነው፤ ለካ እንዲህ ናፍቆኝ ኖሯል። ተራዬን ለዳቦ ሻጯ ሰጠሁና ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ።